ከውሻው የወረስኩት ማንገቻ

የማዳሜ ልጅ ወደ ፈረንሳይ ሲሄድ ለእናቱ ሦስት ነገር ትቶላት ሄደ፤ ጥጃ የሚያክል ውሻ፣ ሁለት ወር ተጫውቶበት የሰለቸው ካሜራ፣ እና «ለገና እመጣለሁ» የሚል ቃል። ውሻውን ጠዋትና ማታ ሰፈራችንን ባዳሮን እያዞርኩ የማናፍሰው እኔ ሠራተኛዋ ሆንኩ። ካሜራውንም ማዳሜ አንድ ቀን ቁም ሳጥን ስታስጠርገኝ አየችውና፣ አቧራውን እፍ ብላ «ኸላስ፣ በቃ ውሰጂው» አለችኝ። ቃሉ ብቻ ለእሷ ቀረላት። ይኸው ስንት ገና አለፈ።

እኔ ደግሞ እጄ የገባ ነገር ሲባክን አልወድም። ከሰዓት ማዳሜ ጋደም ስትል ባልኮኑ ላይ ቁጭ እያልኩ የተሰጣ ልብስ፣ የጎረቤት ድመት፣ በር ላይ የሚያንጎላጅ የሕንጻ ዘበኛ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነሳ ሳነሳ እጄ ተፍታታ። በዓመቱ ቤሩት ባለን ሐበሾች ዘንድ «ባለካሜራዋ» ተባልኩ። እሁድ እረፍቴ ናት። ልደት ቢሆን፣ ቀለበት ቢሆን፣ ወደ አገር የምትገባ ልጅ ሽኝት ቢሆን ያለ እኔ አይሆንም። ሙያ በልብ ነው ብዬ ዝም እላለሁ እንጂ፣ ስልካቸውን እየዘረጉ ፊቴ የሚደነቀሩትን ሁሉ በክርኔ ዞር የማደርግ እኔ ነኝ።

ታዲያ ስለ ካሜራ የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ ስለ ማንገቻው የሚያወራ ግን የለም። እኔም ብሆን አንገቴ እስኪነግረኝ ድረስ አላሰብኩትም። ከካሜራው ጋር የመጣው ማንገቻ ጠባብ፣ ደረቅ፣ ጠርዙ ሥጋ የሚሸረክት ነገር ነው። ላዩ ላይ የፋብሪካው ስም በቢጫ፣ በትልቁ ተጽፏል። በሞተር ሳይክል እየበረሩ ቦርሳ ለሚመነትፉት ጎረምሶች «ኑ፣ ውዱ ዕቃ እዚህ ነው» ብሎ እንደ መጣራት ነው። ሰርቪስ ታክሲ ቆሜ ስጠብቅ በሻርፕ ሸፍኜው ነው። ያም አልበቃ ብሎ የማተቤ ቋጠሮ ከማንገቻው ስር ይገባና ካሜራው በተነቃነቀ ቁጥር አከርካሪዬን ይቆረቁረኛል። አንድ ሠርግ ላይ አምስት ሰዓት ቆሜ ስመለስ አንገቴ የእኔ አይመስለኝም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብ ማዳሜ አንገቴ ላይ ቀይ ነገር አየች። መነጽሯን አላደረገችም፤ ማዳሜ ደግሞ ያለ መነጽር ነው ይበልጥ የሚታያት። ሲኒዋን አስቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ካሜራው ነው አልኳት። ሳቀች። ደህና ሰው ከሆነ እንደማትቆጣ፣ ግን ወደ ቤት እንዳይመጣ ነገረችኝ። ካሜራውን አምጥቼ፣ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ቀዩን መስመርና ማንገቻውን አጋጥሜ ባሳያትም ወይ ፍንክች። ወዲያው ለእህቷ ደውላ፣ እኔ እዚያው ሳህን እያጠብኩ፣ ልጅቷ ሰው ይዛለች ስትል ሰማኋት። ሰባት ዓመት ከጓዳ ሳሎን ስመላለስ ከውሻው በቀር በገመድም በፍቅርም የያዝኩት ፍጡር የለም።

ይባስ ብሎ አንድ እሁድ ጉዱ ፈላ። ፉርን ኤል ሸባክ በሚባለው ሰፈር አንዲት ያገሬ ልጅ ልደቷን ስታከብር፣ ኬኩ ሊቆረስ ሲል ከላይ ላነሳ ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁ። ጎንበስ ስል ማንገቻው በአንድ በኩል ከዘለበቱ ሾልኮ ወጣ። ካሜራው ወረደ፤ ልቤም አብሮት ወረደ። ከስር ግን ትልቅ ሳህን ሙሉ ታቡሌ ነበረ፤ ያ ሊባኖሶች ቅጠል አድቅቀው፣ ሎሚ ጨምቀው የሚሠሩት ሰላጣ። ካሜራው እሱ ላይ ዘጭ አለ። ሳነሳው ሌንሱ አረንጓዴ ለብሷል እንጂ ምንም አልሆነም፣ ተመስገን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ስሜ ከ«ባለካሜራዋ» ወደ «ባለታቡሌዋ» ተዛወረ። ሐበሻ ስም ለማውጣት ማን ብሎት።

ይህን ቆማ ያየች አንዲት ጓደኛ አለችኝ። የደሴ ልጅ ናት፤ ባውሽሪዬ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ያኔ ሴት ልጅ ወልዳ ሁለት ወር ሊሞላት ምንም አልቀራት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እንደ ልደት ለሚቀጥለው እሁድ ይተላለፍ አይባልም። ፎቶውን የማነሳው ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ የፎቶ ብቻ አልነበረም። እናቷ ደሴ ናቸው። ልጃቸው ሰው አገር ሄዳ፣ እሳቸው ያላዩትን ሰው አግብታ፣ ወለደች ሲባሉ መጀመሪያ የጠየቁት ክርስትናውን ነው። ቤሩት ቤተ ክርስቲያናችን አለ ቢሏቸው አያምኑም። ካህን አለ ቢሏቸው፣ ካህን ዐረብ አገር ምን ሊሠራ ሄደ ይላሉ። ዓይናቸው ደከም ስላለ ስልክ ላይ ያለ ምስል ለእሳቸው ጥላ ነው። የሚፈልጉት ታጥቦ፣ ትልቅ ሆኖ፣ በእጃቸው የሚይዙት ፎቶ ነው። በፎቶውም ላይ የሕፃኗ አንገት ላይ ማተብ ሲታሰር መታየት አለበት። ያን ካላየሁ የልጅ ልጅ አለኝ ብዬ አልቆጥርም ብለዋታል። ጓደኛዬ ይህን እየሳቀች ጀመረችው፤ መሃል ላይ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ካገባች ጀምሮ እናቷ አንድ ቀን እንኳን ከልባቸው መርቀዋት አያውቁም።

«እንደ ታቡሌው ጠበሉ ውስጥ ከጨመርሽው፣ ልጄም አያት የላትም፣ እኔም እናት የለኝም» አለችኝ። «በእመቤቴ፣ ያን ማንገቻ አንድ ነገር አድርጊው።»

እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ። በዚያው ሳምንት ማዳሜ ለመድኃኒት ስትልከኝ ካሜራውን በፌስታል ይዤ መንገዴን ወደ ፉርን ኤል ሸባክ አጠፍኩ፤ የካሜራ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አይቼ ነበር። ባለሱቁ ሽበት የወረረው፣ ትሁት ሰው ነው። ቦንጁር ብሎ ተቀበለኝና ካሜራውን ከፌስታሉ ሳወጣ አይቶ፣ ማዳምሽ ምን ፈልጋ ነው አለኝ። ካሜራ የያዘች ሐበሻ ተልካ ነው እንጂ ሌላ ምን ልትሆን ነው። መልሱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ሰውየው ክፉ አይደለም፣ እኔም ምክሩን አጥብቄ ፈልጌዋለሁ። ማዳሜ ማንገቻ ትፈልጋለች አልኩት።

«ቁመቷ እንዴት ነው?»

«እኔን ታክላለች።»

«ውፍረቷስ?»

«እኔኑ ታክላለች። ሙስዮ፣ እኔን ካዩ እሷን አይተዋታል።»

ደስ አለው። እንግዲያውስ አንቺን ለክቼ ለእሷ ይሆናል አለና ከመደርደሪያው ያወርድ ጀመር። በዚያች ግማሽ ሰዓት ስለ ማንገቻ የማላውቀውን ሁሉ በማዳሜ ስም ተማርኩ። መጀመሪያ ያደረገልኝ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ፣ ሰፊ ነገር ነው፤ አንገት ላይ ይመቻል፣ ግን ይለጠጣል። ሁለት እርምጃ ስራመድ ካሜራው ሆዴ ላይ እስክስታ ወረደ። ይሄ ቆሞ ለሚያነሳ ነው አለኝ፤ ማዳምሽ ትራመዳለች ወይ? ቀኑን ሙሉ አልኩት፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አምስት ፎቅ በእግሯ ትወጣለች። አዘነላት። ሁለተኛው ቆዳ ነው፤ ሽታው ራሱ ልብ ይሰርቃል፣ ነገር ግን ውስጡ ልሙጥ ስለሆነ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ ወረደ። ሰውየው ትከሻዬን በዓይኑ ገረፍ አደረገና «የማዳምሽ ትከሻ ቁልቁለት ነው» አለ። ስለ ማዳሜ ብዬ ተቀየምኩት።

ሦስተኛውን ግን ከትከሻ ወደ ጎን አሻግሮ አለበሰኝ። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ሰፊና ድልዳል ያለው፣ ውስጡ ሻካራ፤ ካሜራው ዳሌዬ ላይ ቁጭ አለ፣ አንገቴም ማተቤም ነጻ ወጡ። ሁለት እጄ ባዶውን ቀረ። ክብደቱ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ከዚያ አሮጌውን ማንገቻ አገላብጦ አየና ጥፋቴን አሳየኝ። ጫፉ በዘለበቱ አንዴ ከገባ በኋላ ተመልሶ ሁለተኛ መግባት፣ የቀረው ጭራ ደግሞ ወደ ውስጥ መሸጎጥ አለበት። እኔ እንደ ሳንዳል ቀበቶ አንዴ አስገብቼ ነበር የተውኩት። «ማዳምሽ አንድ ዙር ብቻ ነው ያስገባችው፣ ሀራም፣ ታሳዝናለች፣ ይሄ ካሜራ እስካሁን አለመውደቁ ተአምር ነው» አለ ራሱን እየነቀነቀ። ማዳሜን በሌለችበት አሳፈርኳት፤ ስለ ታቡሌውም ትንፍሽ አላልኩም።

ዋጋውን ሲነግረኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ማዳሜን ጠይቄ እመለሳለሁ አልኩትና መርሲ ብዬ ወጣሁ። ማዳም ያላት ሰው ለካ ሳትገዛም ከሱቅ በክብር ትወጣለች።

እያሰብኩ ቤት ገባሁ። የማሰቢያ ጊዜ ደግሞ የለም፤ ውሻው በር ላይ ምላሱን አንጠልጥሎ ይጠብቀኛል። ልጁ ራሱ አይመጣ እንጂ ለውሻው ከፈረንሳይ አዲስ ማሰሪያ ልኮ ነበር፤ አሮጌው ከኩሽና በር ኋላ ተሰቅሎ ቀርቷል። አዲሱን ላወርድ እጄን ስሰድ አሮጌው ላይ አረፈ፣ እዚያው ቆምኩ። ሦስት ጣት የሚሰፋ፣ ወፍራም ሽምን፣ መያዣው ላይ ድልዳል የተሰፋበት፣ ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ። ጥንካሬውን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። አንድ ቀን ያ ከይሲ ውሻ ድመት አይቶ ሲፈተለክ፣ ባዳሮ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጣው ሰው ሁሉ እያየኝ አስፋልት ላይ ጎትቶኛል። እኔ ጉልበቴ ተላጠ፤ ማሰሪያው ግን አንድ ክር አልተፈታም።

ማዳሜን ስጠይቃት ሰጠችኝ፣ ለምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቀችም። ሁለት ቀን በሳሙናና በኮምጣጤ ዘፈዘፍኩት፤ ባልኮን ላይ ፀሐይ መታው፤ የውሻ ሽታው ለቀቀው። መጋረጃ በምንሰፋበት በትልቁ መርፌ ልኬን አሳጥሬ ሰፋሁት። ትከሻዬ ቁልቁለት ነው ስለተባለ፣ ከምንጣፍ ስር እንዳይንሸራተት የሚነጠፈውን ላስቲክ ቆርጬ ከድልዳሉ ስር ለጠፍኩበት። ጫፎቹን ከአሮጌው ማንገቻ በፈታሁት ዘለበት ሁለት ሁለቴ አስገብቼ ጭራቸውን ሸጎጥኩ። ባለሱቁ ቢያየኝ ማዳምሽ ተማረች ይል ነበር።

ሳይፈተሽ ደግሞ አይሆንም። ካሜራውን ልሰቅልበት ስለፈራሁ ሁለት ኪሎ ሩዝ አንጠልጥዬበት ሳምንቱን ሙሉ ወለል ወለወልኩ፣ መስኮት ላይ ተንጠላጠልኩ፣ አልጋ ስር ገባሁ። ሩዙ ንቅንቅ አላለም። ማዳሜ በውሻ ማሰሪያ ሩዝ አንግቼ ሳሎን ሳቋርጥ ዓይኗን ተክላ ታየኝ ነበር። አንድ ቀን መታገስ አቃታትና ለእህቷ ደወለች፤ ሰውየው ሳይጥላት አይቀርም አለቻት። አንድ ችግር ብቻ ነበረብኝ። መንጠቆው ቀጭ ባለ ቁጥር ውሻው ሽርሽር የምንወጣ እየመሰለው በሩን ይቧጥጣል፣ ይጮሃል። ምን ያድርግ፣ ንብረቱ ነው። ኋላ ኋላ ካሜራዬን የማነግተው ደረጃ ላይ ወጥቼ ሆነ።

የክርስትናው እሁድ ደረሰ። ገና ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን ለብሼ፣ ካሜራዬን ከትከሻ ወደ ጎን አንግቼ፣ ከሰርቪሱ ወርጄ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ስገባ ኩራቴን አልቻልኩትም። ጓደኛዬ ሕፃኗን በማዘያ አዝላ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ማዘያው እናቷ በመንገደኛ የላኩላት ነው፤ ከወፍራም ጥጥ የተሰፋ፣ ማሰሪያዎቹ ረጃጅምና ጫፋቸው የቀጠነ። የእኔንም ማንገቻ ጎተት ጎተት አድርጋ ሞከረችውና ፊቷ በራ።

እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው። ከእኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፤ እሷም የማዳሟን ውሻ ታናፍሳለች፣ ጠዋት ጠዋት አብረን ነው የምንዞረው። ከሩቅ አይታኝ እየሳቀች መጣች። ክፋት የላትም፤ ከፍቅሯ ብዛት ነው። «አንቺ፣ ይሄ የውሻችሁ ማሰሪያ አይደለም እንዴ? ወይ ጉድ፣ እንዴት አድርገሽ አሳመርሽው» አለችኝ፣ ግቢው በሙሉ እስኪሰማ።

ጫማ በሚወለቅበት በኩል ሥርዓት የሚያስከብሩ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። ቤሩት ስንት ዓመት እንደኖሩ የሚያውቅ የለም፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ ሁላችንም እንፈራቸዋለን። ቀና አሉ። ውሻ የገባበት ቤተ ክርስቲያን እንደማይቀደስበት የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ወደ እኔ መጡና የውሻ ነው ወይ አሉኝ። ሱቅ ነው የገዛሁት ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነጭ ለብሶ፣ በር ላይ ቆሞ መዋሸት ግን አልሆነልኝም።

«አዎ፣ ግን በሳሙናና በኮምጣጤ ታጥቧል» አልኳቸው።

«ውሻ በኮምጣጤ ቢታጠብ ዲያቆን ይሆናል?»

ክርክሩ ተነሳ። አንዷ ማሰሪያ ውሻ አይደለም አለች። ሌላዋ የውሻ ዕቃ ያው ውሻ ነው አለች። ሦስተኛዋ ማንኛችንም የማናውቃት፣ ድምጿ ቀጭን የሆነች ልጅ፣ ሳምንቱን ሙሉ የማዳሞቹን ውሻ የሚያጥበው እጃችንስ፣ እሱንም ከጫማችን ጋር ውጪ እንተወው ወይ ብላ ጠየቀች። ሁላችንም እጃችንን አየን። እትዬም የራሳቸውን አዩ፤ እሳቸውም ማዳም አላቸው፣ ማዳማቸውም ውሻ አላት።

ከውስጥ ጠበሉ እየተባረከ ነው፤ ጸሎቱ ይሰማናል። ጓደኛዬ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ክርስትና እናቷን አስታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ግቢም አላለችኝ፣ ቅሪም አላለችኝ። ዓይኗ ውስጥ ደሴ ነበረች። አንድ ዲያቆን ገብቶ ካህኑን፣ አባን ጠየቀ። ወዲያው ተመልሶ መልሳቸውን እንዳለ ነገረን።

«ማሰሪያው አይናከስም፤ ነገር ግን ሰው ይሰናከልበታል። ውጪ ትተሽው ግቢ።»

ፈታሁት። ከጫማዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩት። ካሜራውን በሁለት እጄ ያዝኩት። እጄ ሲጨንቀኝ ያልበዋል፤ ሰባት ዓመት በበረኪና የተላጠ መዳፍ ደግሞ ላብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው። ያ ባለቢጫ ማንገቻ ቤት ቀርቷል። በዓይኔ የሚታየኝ ጠበሉ፣ ጠበሉ ውስጥ ደግሞ ካሜራው፣ ከዚያም አልፎ ያ አረንጓዴ ታቡሌ ነው። አልችልም፣ በስልክ ይነሳ ልል ነበር።

ጓደኛዬ ያን ሁሉ ያወቀችው ፊቴን አይታ ነው። ትከሻዋ ላይ የቀረውን ባዶ ማዘያ ሳብ አድርጋ አወረደችና ደረቴ ላይ አደረገችው። ካሜራውን መሃሉ ላይ አስቀመጠች፤ ማሰሪያዎቹን በካሜራው የጎን ቀለበቶች አሾልካ፣ በትከሻዬ አሻግራ ጀርባዬ ላይ አጠላለፈቻቸው። አንዴ አዞረች፣ ሁለተኛ አዞረች፣ ጫፋቸውን ወደ ውስጥ መልሳ ሸጎጠችው። ሱቅ ገብታ አታውቅም፤ ልጅ እንዳይወድቅ የሚታሰረው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

«አሁን አይወድቅም» አለችኝ። «ግቢ።»

ገባሁ። ማዘያው ገና የሕፃን ሙቀትና የወተት ሽታ ነበረው። ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳነሳው እሺ ብሎ ይመጣል፣ ስለቀው ደረቴ ላይ ተመልሶ ይተኛል። ልጅቷ ውሃው ሲነካት ቤሩት በሙሉ እስኪሰማ ጮኸች። አባ ማተቡን ሲያስሩላት ጎንበስ ብዬ ቀረብኩ፤ ከስሬ ጠበሉ ነበር፣ አላየሁትም። የአባ ሁለት ጣት ቋጠሮው ላይ፣ የልጅቷ አፍ እስከ ላንቃዋ ተከፍቶ፣ ሁለት እጇ ተጨብጦ፤ አነሳሁት። ጥራት ያለው መሆኑን ያየሁት ቆይቼ ነው፤ በዚያን ሰዓት እንባዬ ምንም አላሳየኝም።

ስንወጣ ማሰሪያዬ ከጫማዎቹ ራቅ ብሎ አጥሩ ስር ተጥሏል። የሆነ ሰው በጃንጥላ ጫፍ ገፍቶ ገፍቶ ነው እዚያ ያደረሰው። ሳጎነብስ እትዬ አጠገቤ መጡ። ግራ ቀኝ አዩና፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትከሻቸውን ቦርሳ እንደሚያማቸው ነገሩኝ። ከዚያ ያ ከስሩ የለጠፍኩበት ላስቲክ ከየት እንደሚገኝ ጠየቁኝ። በሚቀጥለው እሁድ ቆርጬ አመጣሁላቸው።

ፎቶዎቹ ታጠቡ፤ ወደ አገር በምትገባ ልጅ እጅ ደሴ ተላኩ። የጓደኛዬ ባል እኔ ፎቶ ሳነሳ በስልኩ አንስቶኝ ኖሮ ያም ፎቶ ሳናውቅ አብሮ ታጥቧል። ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት ምስር እየለቀምኩ ጓደኛዬ ደወለች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለይ አለኝ። እናቷ ፎቶውን ይዘው መጀመሪያ መስኮት ሄዱ፣ አልበቃቸውም፣ ወጥተው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ማተቡን አዩት። እልልታቸውን ሰምቶ ጎረቤት ወጣ። ከዚያ ስልክ አስደውለው አማቻቸውን አገናኙኝ አሉ፤ የልጅ ልጄን ያስጠመቀ ልጄ ነው ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ መረቁት። ሰውየው ስልኩን ዘግቶ ግድግዳ ዞሮ አለቀሰ አለችኝ።

ከዚያ ሌላም ነገር ጠይቀዋል አለች። የእኔን ፎቶ አይተው ነው።

«ያቺ ነጠላ የለበሰችው፣ ልጇን በደረቷ ያዘለችው ልጅ የማን ናት አሉኝ። በሰው ልጅ ክርስትና እንዲያ ስትደክም የራሷ መቼ ነው የሚነሳው አሉኝ። ምን ልበላቸው?»

ሳቅኩ። ሳቁ ግን መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ሰላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ደረቴ ላይ የታዘለ ነገር ቢኖር ያ ካሜራ ነው። ውሻው እግሬ ስር ተኝቷል፣ ማዳሜ ሳሎን ከስልኳ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ሴት ናት በያቸው» አልኳት። «ሰማንያ ቀኗ ገና ነው።»

እንደ ቀልድ ያልኩት ነው። በወሩ ከደሴ የመጣ መንገደኛ አንድ ጥቅል አደረሰልኝ። ስፈታው ማዘያ ነው፤ አዲስ፣ ወፍራም፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈው በኩል ድርብ ተደርጎ በእጅ የተሰፋ። እኚህ ዓይናቸው የደከመ ሴትዮ ክሩን መርፌ ውስጥ እንዴት እንዳስገቡት እንጃ። መንገደኛው መልእክታቸውንም አድርሶኛል፤ ለሕፃኗ ነው፣ አንገቷ እስኪጠና በደንብ እሰሪያት ብለዋል።

ኩሽና ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አፍንጫዬን ከውስጡ ቀብሬ ቆየሁ። ማዳሜ ውሃ ልትጠጣ ስትገባ አየችኝ፤ የያዝኩት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሕፃን ማዘያ ነው አልኳት፣ እውነቱን። ውሃውን ሳትጠጣ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ቁጥር ስትመታ ሰማሁ፣ ከዚያ ለእህቷ «ነግሬሽ አልነበር?» ስትል ሰማሁ።

ውሻው አሮጌ ማሰሪያውን ተመልሶ አገኘ። እኔ የማዘያውን ማሰሪያዎች በካሜራዬ ቀለበቶች አሾለኩ፤ አንዴ አዞርኩ፣ ሁለተኛ አዞርኩ፣ ጫፋቸውን ወደ ውስጥ ሸጎጥኩ። ተነስቼ ቆምኩና ሞከርኩት። ልኬ ነው፣ አንገቴንም አልቆረቆረኝም።